ምንጩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ከአዲሱ ገበያ ወደ ቤቴ ስወርድ ድልድዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከታች ወንዙ ዳር ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ልጅና አንድ ልጅ፣ ቦት ጫማ አድርገው ውሃ ይመረምሩ ነበር። ልጅቷ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነች መሣሪያ ውሃው ውስጥ ትነክርና ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ልጁ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። እርግጥ ያቺ መሣሪያ ጀርም አትቆጥርም፤ ለጀርሙ ዛሬም ጠርሙስና ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ቢሆንም ቀናሁባቸው። እኔ በነሱ ዕድሜ የበረዶ ሣጥን በትከሻዬ ተሸክሜ የጉለሌን ዳገት ስወጣ፣ ላቤ ከምቀዳው ውሃ ይበልጥ ነበር።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም ልጄ፣ ቀጥሉ» ብዬ መንገዴን ያዝኩ። እስከ ቤቴ በር ድረስ ግን ሳስብ የነበረው ስለ ወይዘሮ ዘነበች ነው።

ወይዘሮ ዘነበች የመጀመሪያ አለቃዬ ናቸው። ላቦራቶሪያችን ጳውሎስ አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ያለች ሦስት ክፍል ቤት ነበረች። ሥራችን ከየሰፈሩ የሚመጣ ውሃና አፈር መመርመር ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ምን ልደብቅ፣ ጉረኛ ነበርኩ። ነጭ ጋዋኔን ሳላወልቅ ታክሲ እሳፈራለሁ። በዚያ ሰፈር ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ሰዎች «ዶክተር፣ ጠጋ በል» ሲሉኝ አላርማቸውም። ጠጋ እላለሁ።

እሳቸው ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥታ በዕቃ አጣቢነት የተቀጠሩ ሴት ናቸው። ጠርሙስ እያጠቡ፣ ባለሙያዎቹ የሚሠሩትን እያዩ፣ እየጠየቁ፣ ማታ ማታ እየተማሩ የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ኃላፊ ከሆኑም በኋላ የናሙና ጠርሙሳቸውን ለሌላ ሰው አሳጥበው አያውቁም። አጥበው ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ ያነሡትና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። እኔ ያኔ ይኼን እንደ አሮጌ ልማድ ነበር የምቆጥረው። በልቤም «ዲግሪ ቢኖራቸው ጠርሙስ አያጥቡም ነበር» እል ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ከሸጎሌ በላይ ተራራው ሥር፣ ቧንቧ ያልደረሰው አንድ መንደር ነበር። ነዋሪው የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው፤ ውሃዋ ከድንጋይ ሥር ወጥታ በእጅ የተቆፈረች ገንዳ ውስጥ ትጠራቀማለች፣ ሰው ከገንዳዋ ይቀዳል። በዚያ ክረምት የመንደሩ ሕፃናት በተቅማጥ ተቸገሩ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ለገሰ፣ ጡረታ የወጡ አናጢ፣ ቢሯችን ድረስ መጥተው ውሃችን ይመርመርልን አሉ። ወይዘሮ ዘነበች ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ለብቻዬ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

አሁን የሠራሁትን ስሙ። ከሥራ ስወጣ፣ ነገ ጠዋት ለናሙና የምሄድ ሰውዬ፣ ዛሬ ማምሻውን መንደሩ ጎራ ብዬ ለአቶ ለገሰ ነገርኳቸው። «ጋሽ ለገሰ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ድንገት እንዳይሆንባችሁ ብዬ ነው» አልኳቸው። እኔ ሰው ደጅ ሳያሳውቁ መድረስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እናቴ ጎረቤት እንኳ ስትሄድ አስቀድማ ሰው ትልካለች። አቶ ለገሰም መረቁኝ፤ «ያሳደገህ ይባረክ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ስደርስ ምንጩን አላወቅሁትም። ዙሪያው ታጭዷል፣ መንገዱ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። እኔ ብርቱ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ በየደቂቃው መሐረቤን አወጣለሁ። እንደምንም ከገንዳው ውሃ ቀዳሁ፣ ጠርሙሱን በረዶው ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ፍልሰታ ጾም ስለነበር የሱፍ ፍትፍት በሳህን ሸፍነው አቆይተውልኛል። ቅዳሴ ይውጣ አይውጣ ሳልጠይቅ ጠረግኩት። ስመለስ ደግሞ የተጠበሰ እሸት በቆሎ በሁለት እጄ አስያዙኝ። ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ውጤቱ ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው። በሁለተኛው ቀን ጀርም የምናበቅልባቸውን ሳህኖች ከማሞቂያው አውጥቼ አየሁ። አንድም ጀርም አልበቀለም። ወረቀቱን ሞልቼ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ይዤ ገባሁ።

«ዜሮ?» አሉኝ።

«ዜሮ ነው።»

«በነሐሴ? ያልተከለለ ምንጭ?»

«ከድንጋይ ሥር ነው እኮ የሚወጣው። ጥሩ ምንጭ ነው።»

«ሽታውስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኳቸው። በዚያን ቀን አፍንጫዬ ሥር ሽንኩርት ቢከትፉ እንኳ አይሸተኝም ነበር። ግን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አላሸተትኩም ማለት ሞት መሰለኝ። ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን ደጋግመው አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ፈረሙ። እኔን አምነው ነው የፈረሙት።

ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ራሴ ነኝ ያደረስኩት። «ለመጠጥ ተስማሚ» ይላል። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ለገሰ ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልለው፣ ምንጩ አጠገብ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ በምስማር መቱት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ።

ወይዘሮ ዘነበችን ግን ያ ዜሮ አላስተኛቸውም። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «ሕፃናቱ ተቅማጥ ይዟቸዋል፤ ውሃው ዜሮ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ጠርሙስ እያጠቡ ከመሬት ተነሥተው «እንዴት አንድ እንኳ አይገኝበትም?» ይላሉ። እኔ ምርመራዬን የተጠራጠሩ መስሎኝ ከነከነኝ፤ ፊቴን አጨፍግጌ መዋል ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት «ስለሺ፣ ነገ እንደገና እንቀዳለን» አሉኝ።

«እሺ። ማምሻውን በዚያ በኩል ስለማልፍ ለጋሽ ለገሰ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው።

የያዙትን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ባለፈውም ነግረሃቸው ነበር?»

«ታዲያ ሳይነገር እንዴት ይኬዳል?»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱ ገበያ ጠብቀኝ። ለእናትህም እንዳትነግር» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከተራራው አልተነሣም ነበር። ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ በሬዎች ወደ ገበያ እየተነዱ ጭቃውን አቡክተውታል። ታክሲው እስከሚገባበት ሄደን ወረድንና በእግራችን ቀጠልን። ወይዘሮ ዘነበች ሃምሳ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊቴ ከፊቴ ይወጣሉ። እኔ ሁለት ጊዜ አዳልጦኝ ጋዋኔ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ምንጩ ጋ አንዲት ወጣት እናት ጀሪካኗን ትሞላለች። ብርቄ ትባላለች። ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ሕፃን አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ወይዘሮ ዘነበች ሰላምታ ሰጥተው የሕፃኗን ግንባር ዳሰሱ።

«ምን ሆናብሽ ነው?»

«ተቅማጥ ነው እትዬ። ሳምንት አለፋት። ከትናንት ወዲህ ጡትም እምቢ አለች።»

«ውሃውን አፍልተሽ ነው የምትሰጫት?»

«ድሮ አፈላላት ነበር። ይኼ ወረቀት ከተለጠፈ ወዲህ ተገላገልኩ» አለችና ባሕር ዛፉን አሳየቻቸው። «በዚህ ክረምት እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ራሱ ይገድላል። ይኼ ወንድሜ ነው ያመጣልን። እግዜር ይስጥህ» ብላ ፈገግ አለችልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። እሷ ግን ጀሪካኗን እየከደነች ጨዋታዋን ቀጠለች። «ንጹሕ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ያን ሁሉ በረኪናም አናባክንም ነበር።»

«የምን በረኪና?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ ቀስ ብለው።

«እሱ የመጣ ዕለት ነዋ። ጋሽ ለገሰ እንግዳ ይመጣል አሉንና ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ጠራረግን። ገንዳውን ፈገፈግነው፤ ከየቤቱ በረኪና አዋጥተን አፈሰስንበት። ለእንግዳ ቆሻሻ ውሃ እንዴት ይቀርባል ብለን ነው።»

ላልገባው ሰው ልንገር፤ በረኪና ጀርም ይገድላል። እኔ የቀዳሁት የምንጩን ውሃ ሳይሆን የበረኪናውን ውሃ ነበር። በማግስቱ በረኪናው ታጥቦ ሄዷል፣ ጀርሙ ተመልሷል፣ ወረቀቴ ግን ዛፉ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ውሃ ያፈሉ የነበሩ እናቶች እኔን አምነው ማፍላት ትተዋል። ቢሸተኝ ኖሮ አውቅ ነበር። ሳልነግራቸው ብሄድ ኖሮ ደግሞ በረኪናውም ባልኖረ።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ እኔ አላዩም። ድንጋይ ላይ ወጥተው ወረቀቱን ለመንቀል በእጃቸው ሳቡት፤ ምስማሩ አልላቀቅ ሲላቸው ቀደዱት። ከዚያ ለብርቄ «ጀሪካኑን እዚሁ ተዪው። አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄጃለሽ፤ ስለሺ ይወስድሻል» አሏት። ከምንጩ ናሙና ቀድተው ለእኔ አስያዙኝና እሳቸው ቀሩ። በኋላ እንደሰማሁት ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ «ውሃውን አፍሉ፣ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ» ሲሉ ዋሉ። ምሳም አልቀመሱም።

እኔ ናሙናውን ላቦራቶሪ አድርሼ ከብርቄ ጋር ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃኗን ወዲያው ግሉኮስ ሰክተው አስተኟት። ሐኪሙ ብርቄን «አንድ ቀን ብትቆዪ ኖሮ...» ብሎ ተወው። ብርቄ አሁንም አሁንም እጄን ትይዝና ታመሰግነኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው ልላት ስንቴ አፌን ከፈትኩ፣ ስንቴ ዘጋሁት። ጋዋኔን አውልቄ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

ሰኞ ሳህኖቹን ስናወጣ ጀርሙ ከመብዛቱ የተነሣ ሊቆጠር አልቻለም። ወይዘሮ ዘነበች ውጤቱን ይዘው ወደ የበላያችን ሲገቡ እኔም ተከተልኩ። የበላያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ግን ነበሩ። «ከዚያ ወዲህ በዝናቡ ምክንያት ተበከለ በሉ። የመጀመሪያው ትክክል ነበር፣ ይኼኛውም ትክክል ነው። ማኅተማችን ለምን ይዋረዳል?» አሉ።

«የመጀመሪያው ትክክል አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ በዕቃ ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ዘነበች ተነሡ። ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ሰው ግን ጸጥ አለ። «ያን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቻለሁ። እኔን አምናችሁ ነው ለልጆቻችሁ ያጠጣችሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

የኔ ስም እስኪነሣ ድረስ ጠበቅኩ። አልተነሣም። መነሣት ነበረብኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አየሁ። አቶ ለገሰ ተነሥተው «ጥፋቱስ የኛ ነው። በረኪናውን ያፈሰስን እኛ፣ እናንተን ያሳሳትን እኛ» አሉ። ወይዘሮ ዘነበች «እንግዳ ማክበር ጥፋት የለውም ጋሽ ለገሰ። እኛ ነን እንግዳ ሆነን መምጣት ያልነበረብን» አሏቸው። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ንግግሮች ያን ያህል ልቤን የነካው የለም። ከሳምንት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ በዚያ ዓመት ሊያገኙት የነበረው ዕድገትም ቀረ። አንብበው አጣጠፉትና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ «ስለሺ፣ ቀለሙን አምጣ» አሉኝ።

ቀለሙ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ዱቄት ነው፤ ቆሻሻው በየት በኩል እንደሚገባ ለማወቅ ይረዳል። ከምንጩ በላይ ሦስት መጸዳጃ ጉድጓዶች ነበሩ። በየተራ፣ ጥቂት ቀን እያሳለፍን፣ ቀለም እየበጠበጥን ጨመርንባቸው። ከሁለቱ ምንም አልመጣም። ሦስተኛውን በጨመርን በማግስቱ ከድንጋዩ ሥር አረንጓዴ ውሃ ወጣ። ሦስተኛው የማን ነው? የእድሩ ነው። ለቅሶ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር ብለው ባለፈው በጋ በደቦ የቆፈሩት፣ በሩን አቶ ለገሰ ራሳቸው የሠሩለት፣ መንደሩ ሁሉ የሚኮራበት መጸዳጃ።

አቶ ለገሰ አረንጓዴውን ውሃ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቤታቸው ገብተው አካፋ ይዘው ወጡ። ጉድጓዱ በኖራና በአመድ ተሞልቶ ተደፈነ፤ በዙሪያው ያለው የረጠበ አፈር ተዝቆ ሩቅ ተቀበረ። አዲሱ ከምንጩ በታች ተቆፈረ። ጎርፉ ወደ ምንጩ እንዳይገባ ከላይ ቦይ ወጣለት። የምንጩ ዓይን በድንጋይ፣ በጠጠርና በሲሚንቶ ተከለለና ውሃው በቱቦ እንዲወርድ ተደረገ። ያ ሁሉ ሥራ መስከረምን በሙሉ ፈጀ፤ ሜዳው አደይ ለብሶ፣ ሴቶቹ ጠጠር እያቀበሉ፣ ወይዘሮ ዘነበችም እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረው እያቀበሉ። ኖራ እጃቸውን ልጦት ነበር። የብርቄ ልጅ ድና፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጠጠር ወደ አፏ ስታስገባ እናቷ ትቆጣታለች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንቀዳለን፤ አንዴ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዴ ዓርብ ከሰዓት፣ ለማንም ሳንነግር። የመንደሩ ሰው «ሌቦቹ መጡ» እያለ ይስቅብን ጀመር። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ዜሮ መጣ። ወይዘሮ ዘነበች ግን አልፈረሙም። በረኪና ይኑርበት አይኑርበት በመመርመሪያ ጠብታ አስፈተሹኝ፤ አሸትተው ቀመሱት፤ ሦስት ጊዜ እንደገና አስቀዱኝ። በመጨረሻ ሲፈርሙ ከፊርማቸው በላይ በእጃቸው «የሚያገለግለው ለአንድ ወር ብቻ ነው» ብለው ጻፉበት። እኔም ጠርሙሴን ራሴ ማጠብ የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው።

ድልድዩ ላይ ከቆምኩ ከሦስት ቀን በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሸጎሌ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ተናገርኩ። የዚያን እሑድ እድሩ ፊት መነሣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ጉንፋኑንም ደብቄዎታለሁ፣ ደብዳቤውም ለእኔ ነበር የሚገባው አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ አለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ጉንፋንህንማ አውቅ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታስነጥስ» አሉኝ። «እያወቅኩ ፈረምኩ። ለዚህ ነው እኔ ነኝ ያልኩት።»

መሐረቤን አወጣሁ። እሳቸው ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር አለፉ።

«ምንጩ አለ?»

«አለ። ቧንቧ ገብቶላቸዋል፤ ውሃ ሲጠፋ ግን አሁንም ከሱ ነው የሚቀዱት አሉ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው?»

አላውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በዚያ በኩል ስንቴ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ስለዚያ እሑድ ሳስብ የኖርኩት ስለራሴ ነበር፤ ስላፈርኩት፣ ስለፈራሁት። እሳቸው ደብዳቤውንም ዕድገቱንም ረስተዋል፤ ውሃውን አልረሱም።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።